ገንዘቡ አለ፣ ፈቃዱ የለም

ስለ ዩኒቨርሲቲዎች ራስ ገዝነት ስብሰባ በተጠራ ቁጥር ከአዳራሹ የሚነሳው ጥያቄ አይለወጥም፤ “መንግሥት በጀት ሊያቋርጥብን ነው?” ስለ ራስ ገዝ ዩኒቨርሲቲዎች የወጣው አዋጅ ቁጥር 1294/2015 እንዲህ አይልም። ራስ ገዝ የሆነ ዩኒቨርሲቲም በጥቅል በጀት፣ ማለትም በሒሳብ መደብ ሳይከፋፈል በሚሰጥ ገንዘብ፣ የመንግሥት ድጋፍ ያገኛል። ጥያቄው ግን ያታክታል፤ ዋናውን ችግር ሸፍኖ ያልፋልና። የዩኒቨርሲቲ ሒሳብ ላይ የሚውል ሰው እንደሚያውቀው፣ ከገንዘቡ ማነስ እኩል የሚጎዳው የገንዘቡ መታሰር ነው። በካፒታል በጀት የተገዛ የላቦራቶሪ መሣሪያ እሽጉ ሳይፈታ ዓመት የሚሞላው ኬሚካሉ የሚገዛው ከመደበኛ በጀት ስለሆነ ነው። መደበኛው ካለቀ ደግሞ ከካፒታል ማዛወር አይፈቀድም። የተረፈውም ከሰኔ 30 በኋላ ተመላሽ ነው፤ ስለዚህ ሰኔ ላይ የማያስፈልገውም ይገዛል። የተማሪ ምግብም ያው ነው፤ በ2017 ዓ.ም. ወደ 100 ብር ከፍ እስኪል ድረስ ለአንድ ተማሪ የቀን ምግብ የተመደበው 22 ብር ነበር። የጤፍ ዋጋ በየወሩ ሲንር ተመኑን የመከለስ ሥልጣን የዩኒቨርሲቲው አልነበረም፤ ልዩነቱን ከሌላ የሒሳብ መደብ ልሙላ ያለ ኃላፊ ደግሞ የኦዲት ግኝት ይጠብቀዋል።

“ከለቀቅናቸው ያባክናሉ” የሚለው መከራከሪያ ውሸት ነው አልልም። ዋናው ኦዲተር ለፓርላማ በሚያቀርባቸው ሪፖርቶች ዩኒቨርሲቲዎች በተደጋጋሚ ይነሳሉ። ነገር ግን እነዚያ ግኝቶች የተመዘገቡት እያንዳንዱ ብር በመደብ ተቆጥሮ በሚሰጥበት አሠራር ነው። ቅድመ ቁጥጥሩ ብክነቱን ካላስቀረ፣ እሱኑ ማጥበቅ ምን ሊጨምር ነው? መንግሥት ከፋይ እንደመሆኑ ውጤት ይጠይቅ፤ ስንት ተማሪ አስመረቃችሁ፣ ስንቱ የመውጫ ፈተና አለፈ፣ ላቦራቶሪያችሁ ይሠራል ወይ ይበል። የነዳጅና የውሎ አበል መደብ መጠበቅ ግን የሚኒስቴር ሥራ አይመስለኝም።

የባሰው ደግሞ ጥቅል በጀት እንደ አዲስ ስጦታ መቅረቡ ነው። የከፍተኛ ትምህርት አዋጅ ቁጥር 650/2001 ለመንግሥት የከፍተኛ ትምህርት ተቋማት ሁሉ ፈቅዶት ነበር፤ በተግባር ግን በመደብ መመደቡ ቀጠለ። አሁን ከራስ ገዝነት ጋር ከታሰረ፣ የራሱ ገቢ የሌለውና ከአዲስ አበባ የራቀው አዲስ ዩኒቨርሲቲ ራስ ገዝ እስኪባል ሊጠብቅ ነው። ገንዘቡን እንደ ችግሩ የማዘዋወር ፈቃድ ይበልጥ የሚያስፈልገው ግን እሱ ነው።