ሁለት ቀረጥ የሚከፈልበት ወደብ

አንባቢዎቻችን እንደሚያውቁት፣ አስመጪ ነጋዴ ዕቃውን ከመርከብ አራግፎ ለጉምሩክ የሚገባውን ቀረጥ ከከፈለና ደረሰኙን ከተቀበለ በኋላ፣ የቀረው ሥራ ዕቃውን ወደ መጋዘኑ ማጓጓዝ ብቻ ነው። በሞቃዲሾ ግን ነገሩ በዚህ አያበቃም። ወደቡ በመንግሥት እጅ የሚገኝ ቢሆንም፣ አል-ሸባብ የተባለው የሽብር ድርጅት የጭነቱን ዝርዝር በስውር እያገኘ ባለዕቃውን በስልክ ይጠራና የራሱን ቀረጥ ያስከፍለዋል። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በኤውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

መቀመጫውን በሞቃዲሾ ያደረገው ሂራል የተባለ የጥናት ተቋም በ2020 ባወጣው መግለጫ፣ ድርጅቱ በየወሩ ቢያንስ 15 ሚሊዮን ዶላር እንደሚሰበስብና ከግማሽ የሚበልጠውም ከዚያችው ከተማ እንደሚገኝ ገምቷል። ከዓመታዊ ሀብትም ላይ ዘካ በሚል ስም ይወስዳል፤ ዘካ ግን በእስልምና ለድኾች የሚሰጥ የተከበረ ግዴታ እንጂ የጦር መሣሪያ መግዣ አይደለም።

ይበልጥ የሚያሳስበው የአሰባሰቡ ሥርዓት ነው። የካሚዮን ነጂ በአል-ሸባብ ኬላ አንድ ጊዜ ከከፈለ ደረሰኝ ይሰጠዋል፤ ደረሰኙንም በሚቀጥሉት ኬላዎች እያሳየ ያልፋል። የመንግሥት ወታደሮች በሚቆሙባቸው መንገዶች ግን በየኬላው ያለ ደረሰኝ የሚከፈልበት ጊዜ ብዙ ነው። ሥርዓት ያለው ደረሰኝ የማይወድ ነጋዴ እንደሌለ እኛም እናውቃለን፤ አደጋውም ያለው እዚህ ላይ ነው።

ገንዘቡ የት እንደሚውል የታወቀ ነው። በሴፕቴምበር 2013 በናይሮቢ የዌስትጌት የገበያ አዳራሽ 67 ሰዎች ተገደሉ። በዲሴምበር 2019 በሞቃዲሾ መግቢያ፣ መንግሥት ከተሽከርካሪዎች ግብር በሚሰበስብበት ኬላ አጠገብ ፈንጂ የጫነ መኪና ፈንድቶ ከ80 የሚበልጡ ሰዎች ሞቱ፤ ከእነርሱም ብዙዎቹ ተማሪዎች ነበሩ። በጁላይ 2022 ደግሞ የድርጅቱ ታጣቂዎች የኢትዮጵያን ድንበር ጥሰው ወደ ሶማሌ ክልል ገብተው ነበር።

በዚያው ዓመት በኦክቶበር ወር የሶማሊያ መንግሥት ለአል-ሸባብ የሚከፍል ማንኛውም ነጋዴ የንግድ ፈቃዱን እንደሚነጠቅ አስታወቀ። ውሳኔው ተገቢ ነው፤ ነገር ግን ያልከፈለውን ሰው ሱቁን ከፍቶ በሚውልበት ሰዓት ማን ይጠብቀዋል? ወሩ ሳያልቅ በዞቤ አደባባይ ሁለት መኪናዎች በተከታታይ ፈንድተው ከ100 ያላነሱ ሰዎች አለቁ። ዞቤ ገበያተኛና መንገደኛ የሚበዛበት ስፍራ ነው።

ነገሩ ግን በሶማሊያ ነጋዴዎች ላይ ብቻ የሚያርፍ አይደለም። የጸጥታው ምክር ቤት በፌብሩዋሪ 2012 በቁጥር 2036 ውሳኔው የሶማሊያ ከሰል ወደ ማናቸውም ሀገር እንዳይገባ ከልክሏል፤ ምክንያቱም ከግራር የሚከሰለው ይህ ሸቀጥ በባሕረ ሰላጤው ሀገሮች ለሺሻ ማጨሻ እጅግ ስለሚፈለግ፣ አል-ሸባብ ኪስማዩን በያዘበት ዘመን ዋነኛ የገቢ ምንጩ ሆኖ ስለ ነበር ነው። ወደቡን ካጣ በኋላም ገቢው አልተቋረጠም። የተባበሩት መንግሥታት ተቆጣጣሪዎች በ2018 እንደ ገለጹት፣ ድርጅቱ ከእያንዳንዱ ጆንያ በኬላ ላይ እያስከፈለ በዓመት ቢያንስ 7.5 ሚሊዮን ዶላር ያገኝ ነበር። ከሰሉም የኮሞሮስ፣ የጋና ወይም የኮት ዲቯር ምርት ነው በሚል ሐሰተኛ የሥሪት ሀገር የምስክር ወረቀት ወደ ኢራን ይገባ ነበር፤ በዚያም ጆንያው ተለውጦ «የኢራን ምርት» ተብሎ እንደገና ይላክ ነበር።

የሥሪት ሀገር የምስክር ወረቀት በብዙ ሀገሮች የሚሰጠው በንግድ ምክር ቤቶች ነው። ስለዚህ ከሰል የሚገዛም ሆነ የሚያጓጉዝ ነጋዴ፣ በቀረበለት ወረቀት ላይ ማኅተሙን ላሳረፈው ቤት የወረቀቱን ቁጥር ጠቅሶ ቢጽፍና መልሱን ሳያገኝ ገንዘቡን ባይልክ፣ የሚዘገይበት ጥቂት ቀን ብቻ ነው።