ጥምር ዜግነት ለተጓዥ አዳኞች፦ ጥቅሙና ጉዳቱ በሕግ ዓይን

ስለ ጥምር ዜግነት ሲጻፍ ብዙውን ጊዜ የሚነሡት ጉዳዮች የመምረጥ መብት፣ ግብር፣ ውርስና የውትድርና ግዴታ ናቸው። ጠመንጃውን ይዞ ድንበር የሚሻገረው አዳኝ በዚህ ውይይት ውስጥ እምብዛም አይታይም። ሆኖም የአንድ ሰው ዜግነት፣ የመኖሪያ ሥፍራና መሣሪያ የመያዝ መብት በአንድ የጉምሩክ ጠረጴዛ ላይ በአንድ ጊዜ የሚፈተሹበት እንደ አደን ጉዞ ያለ አጋጣሚ ጥቂት ነው። ተጓዡ ሁለት ፓስፖርት ያለው ከሆነ ደግሞ አንደኛው የከፈተለትን በር ሌላኛው ሊዘጋበት ይችላል።

ይህ ጽሑፍ በዋናነት የሰሜን አሜሪካንና የጀርመንን ሕግጋት በማነጻጸር ሁለት ነጥቦችን ያስረዳል። አንደኛው፣ ሁለተኛ ዜግነት ለአዳኝ የሚሰጠው ጥቅም ከሚገመተው ያነሰ መሆኑ ነው፤ የአደን ሕግ በአብዛኛው የሚጠይቀው ሰውየው የማን ዜጋ እንደሆነ ሳይሆን የት እንደሚኖር ነውና። ሁለተኛው፣ ጉዳቱ ከሚገመተው የሚበልጥ መሆኑ ነው፤ በአደን ዓለም እንግድነት ራሱ አንዳንዴ መብት ስለሆነ፣ በሁለት አገር ባለቤት የሆነ ሰው በሁለቱም እንግድነቱን ያጣል። በመጨረሻም ይህ ጉዳይ ከኢትዮጵያ የዜግነት አዋጅ ጋር የሚጋጠምበት፣ ብዙም ያልተስተዋለ አንድ ሥፍራ ይታያል።

ዜግነት በቀጥታ የሚጠቅምበት ሥፍራ

የጥቅሙ ግልጽ ምሳሌ አላስካ ነው። ግዛቲቱ አዳኞችን በሦስት ትከፍላለች፦ የግዛቲቱ ነዋሪ፣ ነዋሪ ያልሆነ አሜሪካዊ፣ እንዲሁም በአሜሪካ የማይኖር የውጭ አገር ዜጋ። ነዋሪ ያልሆነው አሜሪካዊ ለዓመታዊ የአደን ፈቃድ 160 ዶላር ሲከፍል፣ የውጭ ዜጋው 630 ዶላር ይከፍላል። ሙስ ለተባለው ግዙፍ አጋዘን መለያ ደግሞ የመጀመሪያው 800፣ ሁለተኛው 1,000 ዶላር ይጠየቃሉ። ይህ ልዩነት ግን ከሚከተለው ጋር ሲነጻጸር ቀላል ነው። ነዋሪ ያልሆነው አሜሪካዊ ፈቃድ ያለው መሪ አዳኝ እንዲቀጥር የሚገደደው ለሦስት እንስሳት ብቻ ነው፤ እነርሱም ቡናማ ድብ፣ ዳል የተባለው ነጭ የዱር በግና የተራራ ፍየል ናቸው። ለእነዚህም ቢሆን ዕድሜው 19 ዓመት የሞላው፣ በአላስካ የሚኖር የቅርብ ዘመድ ካለው መሪ መቅጠሩ ይቀርለታል። የውጭ ዜጋው በአንጻሩ ለማንኛውም ትልቅ የዱር እንስሳ መሪ መቅጠር አለበት። በመሪ የሚካሄድ የሙስ አደን በአስር ሺዎች በሚቆጠር ዶላር የሚከፈልበት በመሆኑ፣ በኦስሎ የሚኖርና ከእናቱ የአሜሪካ ዜግነት ያገኘ ኖርዌያዊ፣ በዚያች ሁለተኛ ፓስፖርት ብቻ የጉዞውን ወጪ ወደ ጥቂት ሺዎች ዝቅ ሊያደርገው ይችላል። ኖርዌይ ጥምር ዜግነትን የፈቀደችው ከጃንዋሪ 1 ቀን 2020 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ስለሆነ፣ ይህ ዕድል ለብዙ ኖርዌያውያን አዲስ ነው።

በካናዳ የብሪቲሽ ኮሎምቢያ ግዛትም ተመሳሳይ ክፍፍል አለ። በውጭ አገር የሚኖር ካናዳዊ «ነዋሪ ያልሆነ» ይባላል እንጂ «ነዋሪ ያልሆነ ባዕድ» አይባልም። በዚህም ምክንያት ከግዛቱ ነዋሪ ወዳጁ ጋር፣ ወዳጁ የአጃቢነት ፈቃድ አውጥቶለት፣ ትልልቅ እንስሳትን ሊያድን ይችላል። ለባዕዱ ግን አጃቢው ነዋሪ ዘመዱ ካልሆነ በስተቀር የንግድ ፈቃድ ያለው አደን አዘጋጅ ግድ ይሆንበታል።

መኖሪያ ዜግነትን የሚበልጥበት

ከእነዚህ ጥቂት ሥፍራዎች ውጭ ሁለተኛው ፓስፖርት ብዙ አይናገርም። የሞንታና ግዛት እ.ኤ.አ. በ1976 ኤልክ የተባለውን አጋዘን ለማደን ነዋሪውን 9 ዶላር፣ ነዋሪ ያልሆነውን አሜሪካዊ ደግሞ የሌሎች እንስሳት ፈቃድም በተጠቃለለበት ጥቅል 225 ዶላር ታስከፍል ነበር። ይህ ልዩነት የዜጎችን እኩልነት ይጥሳል በሚል የቀረበውን ክስ የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በባልድዊን ጉዳይ እ.ኤ.አ. በ1978 ውድቅ አደረገው። ለመዝናኛ የሚደረግ አደን የአገሪቱን አንድነት ከሚያስተሳስሩት መሠረታዊ መብቶች የሚቆጠር አይደለም የሚለው የውሳኔው መንፈስ፣ ዜጋ መሆን ብቻውን ለአዳኝ ምን ያህል ትንሽ እንደሚያስገኝ ያሳያል። የአንድ አገር ዜጎች እንኳ እርስ በርሳቸው በመኖሪያቸው ከተለዩ፣ ፓስፖርቷን በውርስ ያገኘና አገሪቱን በዓመት አንድ ጊዜ የሚጎበኝ ሰው የተሻለ ቦታ ሊጠብቅ አይችልም።

በአውሮፓም ሁኔታው ይኸው ነው። በኅብረቱ አባል አገሮች መካከል ከአደን ጠመንጃ ጋር መጓዝን የሚያቀለው የአውሮፓ የጦር መሣሪያ ፓስፖርት የሚሰጠው ሰውየው በሚኖርበት አባል አገር ነው። በቺካጎ የሚኖር የጣሊያን ዜጋ ይህን ሰነድ አያገኝም፤ በሮም የሚኖር ብራዚላዊ ግን መስፈርቱን ካሟላ ያገኘዋል። ሳይቴስ በሚል ምኅጻር የሚታወቀው፣ እ.ኤ.አ. በ1973 የተፈረመው የዱር እንስሳትና ዕፅዋት ንግድ ስምምነትም ለግል ዕቃዎች በሚያደርገው አስተያየት የሚመለከተው የባለቤቱን የዘወትር መኖሪያ እንጂ ዜግነቱን አይደለም። ስለዚህ አንድ አዳኝ የነብር ቆዳ ወይም የአንበሳ ራስ ወደ ቤቱ ሲወስድ ሁለት ፓስፖርት ማሳየቱ ከፈቃድ አያድነውም። እርግጥ ዜግነት በሁለት አገሮች የመኖር መብት ስለሚሰጥ፣ ግዳዩ የትኛው ቤት ግድግዳ ላይ እንደሚሰቀል መምረጥ ያስችላል። ፈረንሳይ ከ2015 እ.ኤ.አ. ወዲህ የአንበሳ ግዳይ እንዳይገባ በመከልከሏ ይህ ምርጫ ለአንዳንዶች ትርጉም አለው። ሆኖም ይህም ቢሆን ሁለት ቤት የማስተዳደር አቅም ላለው የሚጠቅም ነውና ከዜግነት ይልቅ የሀብት ጉዳይ ነው ማለት ይቻላል።

እንግድነትን ማጣት

ከጉዳቶቹ ውስጥ በቀላሉ የማይታየው ይህ ነው። የጀርመን ፌዴራል የአደን ሕግ አንቀጽ 15 የአደን ፈቃድ የሚፈልግ ሁሉ የአዳኝነት ፈተና እንዲያልፍ ያስገድዳል። ፈተናው ከባድ ከመሆኑ የተነሣ የሁለተኛ ደረጃ ማጠናቀቂያውን ፈተና ስም በመዋስ «አረንጓዴው አቢቱር» ይሉታል። ይኸው አንቀጽ ግን ለውጭ አገር ዜጎች ፈቃድ ሲሰጥ ከፈተናው ነፃ ማድረግን ስለሚፈቅድ፣ በአገሩ አዳኝ መሆኑን ያስመሰከረ እንግዳ ለ14 ቀናት የሚያገለግል ፈቃድ ሊያገኝ ይችላል። በቴክሳስ ተወልዶ ያደገና ከአባቱ የጀርመን ዜግነት የወረሰ አዳኝ በጀርመን ሕግ ፊት ጀርመናዊ ነው። የአሜሪካ ፓስፖርቱ ባዕድ አያደርገውም፤ ለባዕዳን የተሰጠው አስተያየትም እርሱን አይነካውም። ቴክሳሳዊው ጎረቤቱ አብሮት ሄዶ ሲያድን፣ እርሱ በአባቱ አገር ቆሞ ተመልካች ይሆናል። ጀርመን ከጁን 27 ቀን 2024 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ጥምር ዜግነትን በሰፊው ስለፈቀደች፣ እንዲህ ባለ ሁኔታ ውስጥ የሚገኙ ሰዎች ቁጥር እየጨመረ መሄዱ አይቀርም።

ሌላው ምሳሌ በአሜሪካ የመግቢያ ሥርዓት ውስጥ ይገኛል። የብሪታንያ ወይም የስዊድን ዜጋ ያለ ቪዛ ለአጭር ጉብኝት ወደ አሜሪካ መግባት ይችላል። በዲሴምበር 2015 እ.ኤ.አ. የወጣው ሕግ ግን ከነዚህ ሰዎች መካከል የኢራን፣ የኢራቅ፣ የሶርያ ወይም የሱዳን ዜግነትን የደረቡትን ከዚህ ዕድል አስወጥቷቸዋል። ሱዳን ዜግነትን በዘር ሐረግ የምታስተላልፍ በመሆኗ፣ በለንደን የተወለደና ካርቱምን አይቶ የማያውቅ ሰው እንኳ በዚህ ሊያዝ ይችላል። ለአዳኝ ይህ የቪዛ ወረፋ ብቻ አይደለም። የአሜሪካ ፌዴራል ሕግ በጉብኝት ቪዛ የገባ የውጭ ዜጋ ጠመንጃ እንዳይዝ በመርህ ደረጃ ይከለክላል፤ የሚፈቅድለት እንደ አደን ፈቃድ ያለ፣ ከክልከላው የሚያወጣ ሰነድ ሲኖረው ነው። እ.ኤ.አ. ከ2012 ወዲህ ባለው አተረጓጎም ክልከላው ያለ ቪዛ የሚገቡትን አይመለከትም። በመሆኑም ሁለተኛው ዜግነት ሰውየውን ጠመንጃ መያዝ ከተፈቀደላቸው ወገን አውጥቶ፣ ክልከላው በልዩ ሁኔታ ብቻ ከሚነሣላቸው ወገን ይጥለዋል። (ለአደን ወደ ኢራን የተጓዘ ብሪታንያዊም፣ ምንም እንኳ ዜግነቱ አንድ ብቻ ቢሆን፣ በዚያው ሕግ የተነሣ ቪዛ መጠየቁ አይቀርም።)

የአሜሪካ ዜግነት ኖሮት በውጭ የሚኖረው አዳኝም የራሱ ችግር አለው። ወደ አሜሪካ ሲገባ በአሜሪካ ፓስፖርት መግባት አለበት። ከገባ በኋላ ግን በየትኛውም ግዛት ነዋሪ ስላልሆነ፣ ለሕጋዊ ስፖርታዊ ዓላማ ካልሆነ በቀር የጦር መሣሪያ መቀበል አይችልም። በካናዳ ይኖር የነበረ አንድ አሜሪካዊ እ.ኤ.አ. በ2006 እና በ2007 ጠመንጃ ለመግዛት ሁለት ጊዜ ሞክሮ፣ የሚኖርበትን ግዛት መጥቀስ ባለመቻሉ ተመልሷል። በዚህ ምክንያት የመሠረተው ክስ ለዓመታት በዋሽንግተን ዲሲ ፌዴራል ፍርድ ቤቶች ሲመላለስ ቆይቷል።

ችግር ሲደርስ ደግሞ ከለላ የሚሰጠው ማን ነው የሚለው ጥያቄ ይነሣል። እ.ኤ.አ. በ1930 በሄግ የተደረገው የዜግነት ሕጎች ግጭት ስምምነት አንቀጽ 4፣ አንድ መንግሥት ዜጋውን፣ ዜጋው በደረበው ሌላ አገር ላይ በዲፕሎማሲ ሊከላከልለት እንደማይችል ይደነግጋል። እ.ኤ.አ. በ2024 በተርክስና ኬይኮስ ደሴቶች ጥይት በሻንጣቸው ውስጥ የተገኘባቸው አሜሪካውያን ጎብኚዎች ቢያንስ የ12 ዓመት እስራት በሚያስቀጣ ሕግ ሲከሰሱ፣ የአሜሪካ ምክር ቤት አባላት እስከ ደሴቶቹ ድረስ ሄደው ስለ ጉዳያቸው ተነጋግረዋል። ከአደን መልስ በሻንጣ ኪስ ውስጥ የተረሳ ጥይት በማንኛውም አዳኝ ላይ ሊደርስ የሚችል ነገር ነው። በያዘው አገር ዘንድ እንደ ገዛ ዜጋ የሚቆጠር ሰው ግን እንዲህ ያለ አማላጅ በእርግጠኝነት ሊጠብቅ አይችልም።

ዜግነትን መተውና የኢትዮጵያ አዋጅ

እስካሁን የተጠቀሱት ጉዳቶች ገንዘብ፣ ጊዜ ወይም አንድ የአደን ወቅት የሚያሳጡ ናቸው። ከሁሉም የከፋው የሚመጣው ግን አንደኛውን ዜግነት በመተው ነው። የአሜሪካ የጦር መሣሪያ ሕግ ጠመንጃ እንዳይዙ ከከለከላቸው ወገኖች አንዱ፣ የአሜሪካ ዜጋ ሆኖ ኖሮ ዜግነቱን በይፋ የካደ ሰው ነው። በጉብኝት ቪዛ ለገባ ባዕድ የተፈቀደው የአደን ልዩ ሁኔታ ለዚህ ሰው አልተሰጠም። በክልከላው ላይ አቤት የሚባልበት መንገድ በሕጉ ቢኖርም፣ ከ1992 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለረጅም ዓመታት በበጀት ክልከላ ተዘግቶ ቆይቷል። ክልከላውን መጣስ እስከ 15 ዓመት እስራት ያስቀጣል።

ይህ ድንጋጌ ትውልደ ኢትዮጵያውያንን በቀጥታ ይነካል። የኢትዮጵያ ዜግነት አዋጅ ቁጥር 378/1996 አንቀጽ 20 በፈቃዱ የሌላ አገር ዜግነት ያገኘ ኢትዮጵያዊ ዜግነቱን እንደተወ ይቆጥራል፤ ጥምር ዜግነትን አይቀበልም። በአዋጅ ቁጥር 270/1994 መሠረት የሚሰጠው፣ በተለምዶ ቢጫ ካርድ የሚባለው መታወቂያ፣ ያለ ቪዛ መግባትንና ያለ ሥራ ፈቃድ መሥራትን የመሳሰሉ መብቶችን ያስገኛል እንጂ ዜግነትን አይመልስም። ስለዚህ በኮሎራዶ የሚኖርና በየዓመቱ መኸር ከልጆቹ ጋር አጋዘን የሚያድን አንድ ትውልደ ኢትዮጵያዊ፣ ለአደን ወደ ባሌ ተራሮች ቢመጣ በዜግነት ሕጉ የውጭ አገር ሰው ነው። በግዳዩ በኩል የሚገጥመው ልዩነት አይኖርም፤ የደጋ አጋዘን በሳይቴስ አባሪዎች ውስጥ ያልተመዘገበ በመሆኑ፣ የቀንዱ ጉዞ የሚወሰነው በኢትዮጵያ የመውጫ ፈቃድና በተቀባዩ አገር የማስገቢያ ሕግ እንጂ በያዡ ፓስፖርት አይደለም።

ይህ ሰው የቀድሞ ዜግነቱን መልሶ ለማግኘት ከወሰነ ግን ነገሩ ይለወጣል። የአዋጁ አንቀጽ 22 መደበኛ መኖሪያውን ወደ ኢትዮጵያ እንዲመልስ፣ የያዘውን የውጭ ዜግነት እንዲተውና እንዲያመለክት ይጠይቀዋል። በአሜሪካ ሕግ ደግሞ ዜግነት የሚቀረው በአንድ መንገድ ብቻ አይደለም። በቆንስል ፊት ቀርቦ በመሐላ መካድ አንዱ ሲሆን፣ የአሜሪካን ዜግነት ለመተው በማሰብ በማመልከቻ የሌላ አገር ዜጋ መሆን ሌላው ነው። የጦር መሣሪያ ክልከላው የሚያስከትለው የመጀመሪያው ነው፤ በደንቡ ትርጓሜ «መካድ» የሚለው ቃል ይፋዊውን መሐላ ብቻ ያመለክታልና። ሁለተኛው መንገድ ግን አስቀድሞ የሌላ አገር ዜጋ መሆንን ይጠይቃል። አንቀጽ 22 በአንጻሩ መተውን ለመመለስ ቅድመ ሁኔታ ስለሚያደርግ፣ አመልካቹ ጉዳት ወደሌለበት መንገድ እንዳይሄድ የቅደም ተከተሉ አቀማመጥ ራሱ ያግደዋል። ሁለቱ ሕጎች ሲወጡ አንዳቸው ሌላውን አስበው አልነበረም፤ በመካከላቸው የሚገኘው ሰው ግን የሁለቱንም ውጤት በአንድነት ይሸከማል።

በአሜሪካ ፈቃድ ያለው ማንኛውም የጠመንጃ ነጋዴ ለገዢ የሚያስሞላው ቅጽ 4473፣ ገዢው የአሜሪካ ዜግነቱን ክዶ ያውቅ እንደሆነ ይጠይቃል። ወደ አዲስ አበባ ተመልሶ ዜግነቱን ያደሰው አዳኝ ከዓመታት በኋላ ልጆቹን ሊጠይቅ ወደ ኮሎራዶ ቢሄድ፣ ለዚህ ጥያቄ በእውነት የሚሰጠው መልስ ጠመንጃ ከመግዛት ያግደዋል። ከልጆቹ ጋር ወደ ጫካ ቢወጣም የልጁን ጠመንጃ ለአፍታ ተቀብሎ መያዝ ወንጀል ይሆንበታል።