ሼርሎክ ሆልምስ ከመጽሐፍ ወደ ቴሌቪዥን፤ ያዩትንና የገመቱትን ስለ መለየት

በጥንት ደራሲ የተፈጠረ ወንጀል መርማሪ ወደ ዘመናችን ተዛውሮ በቴሌቪዥን ሲቀርብ በአድናቂዎቹ መካከል ክርክር መነሣቱ አይቀርም። አንዱ «መጽሐፉ ተበላሸ» ሲል ሌላው «ነፍስ ተዘራበት» ይላል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ክርክሩ ለክፍል ትምህርት የሚሰጠውን ጥቅም ማሳየት ነው። ዓመታቱ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተሰጡ ናቸው።

ሐኪምና ደራሲ የነበረው አርተር ኮናን ዶይል ሼርሎክ ሆልምስን ለአንባቢ ያስተዋወቀው በ1887 ነው። የሆልምስ ጓደኛ ዶክተር ዋትሰን በአፍጋኒስታን ጦርነት ቆስሎ ወደ ለንደን የተመለሰ የጦር ሐኪም ነው። ቢቢሲ በ2010 «ሼርሎክ» የተባለውን ተከታታይ ፊልም ሲጀምር ታሪኩን ወደ ዛሬይቱ ለንደን አመጣው። እንግሊዝ በዚያን ጊዜም በአፍጋኒስታን ጦር ስለነበራት የዋትሰንን ታሪክ መለወጥ አላስፈለገም። የተለወጠው መሣሪያው ነው። ሆልምስ በፒፓ ፋንታ የኒኮቲን ፕላስተር ይለጥፋል፤ በቴሌግራም ፋንታ በስልኩ አጭር መልእክት ይልካል።

አድናቂዎቹ ደጋግመው ከሚያነሡአቸው ነጥቦች አንዱ የሰዓቱና የስልኩ ነገር ነው። በ1890 በወጣው መጽሐፍ ሆልምስ የዋትሰንን የኪስ ሰዓት ይመረምራል። በመሙያው ቀዳዳ ዙሪያ ያለውን ጭረት አይቶ የቀድሞው ባለቤት ሰካራም ነበር ይላል፤ የሰካራም እጅ ቁልፉን ሲያስገባ ይንቀጠቀጣልና። ባለቤቱም የዋትሰን ታላቅ ወንድም እንደነበረ ያውቃል። በፊልሙ ሰዓቱ ስልክ ሆኗል፤ ጭረቱም በቻርጀሩ መሰኪያ ዙሪያ ነው። በስልኩ ላይ «ሃሪ» የሚል ስም ስላለ ሆልምስ አሁንም «ወንድምህ ነው» ይላል። በዚህ ጊዜ ግን ይሳሳታል፤ ሃሪ የሐሪየት ማሳጠሪያ ነው፤ ባለስልኳም የዋትሰን እኅት ናት።

«ሆልምስ እንዴት ይሳሳታል?» የሚሉ አሉ። ለመምህር ግን ከሁሉ የሚጠቅመው ይህ ስሕተት ነው። ሆልምስ ስሙን በትክክል አንብቧል፤ የተሳሳተው ስሙ የወንድ ብቻ ነው ብሎ በመገመቱ ነው። በእኛም አገር በደብተር ላይ «ደስታ» የሚል ስም ያየ ሰው ባለቤቱ ወንድ ወይም ሴት መሆኑን ከስሙ ብቻ ሊያውቅ አይችልም።

የሚያስገርመው፣ ደራሲው ራሱ በናይሮቢ ከተማ ተመሳሳይ እርማት ደርሶበታል። ኮናን ዶይል በመጨረሻዎቹ ዓመታት የሙታን መናፍስት ከሕያዋን ጋር ይገናኛሉ ብሎ አጥብቆ ያምን ነበር። በ1929 ይህንኑ እያስተማረ በአፍሪካ ሲዘዋወር በናይሮቢ ለተሰበሰበው ሕዝብ የመንፈስ ነው ያለውን ፎቶግራፍ አሳየ። በጊዜው እንደተዘገበው ከአድማጮቹ መካከል አንድ የጥርስ ሐኪም ተነሥቶ፣ መንፈስ የተባለው እርሱ ራሱ መሆኑንና ለቀልድ ተሸፋፍኖ የተነሣው እንደሆነ ገለጠ። ቀደም ሲልም ደራሲው በ1922 ባሳተመው መጽሐፍ ሁለት ልጃገረዶች ያነሡት የተረት ፍጡራን ፎቶግራፍ እውነተኛ ነው ብሎ ተከራክሮ ነበር። ልጃገረዶቹ አርጅተው በ1983 ፍጡራኑ ከወረቀት ተቆርጠው የተሠሩ መሆናቸውን አመኑ። እንግዲህ ብልኅ መርማሪን የፈጠረ አእምሮም ሊያምነው የሚወደውን ነገር ሳይመረምር ይቀበላል ማለት ነው።

መምህራን ይህን በክፍል ውስጥ እንደሚከተለው ሊሠሩበት ይችላሉ። አንድ ያገለገለ ዕቃ፣ ለምሳሌ አሮጌ ቦርሳ፣ ለተማሪዎቹ ያሳዩ። ተማሪዎችም ወረቀታቸውን በሦስት ዓምድ ይክፈሉ። በመጀመሪያው «ያየሁት»፣ በሁለተኛው «የገመትሁት»፣ በሦስተኛው «ሌላ ምን ሊሆን ይችላል?» ብለው ይጻፉ። የቦርሳው ማንገቻ መበጠሱ የታየ ነው፤ ባለቤቱ ግዴለሽ ነው ማለት ግምት ነው፤ ቦርሳው ከታላቅ ወንድም የተወረሰ ሊሆንም ይችላል።

ሦስተኛው ዓምድ ከሁሉ ይበልጣል። በክፍል ውስጥ ገንዘብ ሲጠፋ ዐይን ሁሉ ቶሎ የሚያርፈው ልብሱ ባረጀው ወይም ዝምተኛ በሆነው ተማሪ ላይ ነው። የሆልምስ ስሕተት በአንድ ሳቅ ያልፋል፤ በሐሰት ሌባ የተባለ ልጅ ግን ስሙን መልሶ ለማግኘት ብዙ ይቸገራል። ስለዚህ መምህሩም ተማሪውም ከመፍረዳቸው በፊት ሦስተኛውን ዓምድ ይሙሉ።