ተመልካች የሌለበት ጉባኤ

በእንግሊዝኛ የሚጻፈው ምናባዊ ልብ ወለድ ባለፉት ሰባ ዓመታት ገደማ እንዴት እንደበሰለ ለመረዳት የሚሻ አንባቢ፣ ከታወቁት መጻሕፍትና ከሽልማቶቹ ባሻገር፣ በአሜሪካ ፔንሲልቫኒያ ግዛት፣ በዴላዌር ወንዝ ዳር በምትገኘው ሚልፎርድ በተባለች ትንሽ ከተማ በ1956 የተጀመረውን የደራሲያን ጉባኤ ማወቅ ይኖርበታል (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ምናባዊ ልብ ወለድ የሚባለው በገሃዱ ዓለም ያልታየውን ነገር «ቢሆንስ?» ብሎ ተነሥቶ የሚተርክ የሥነ ጽሑፍ ዘርፍ ሲሆን፣ ከሳይንስ ግኝት የሚነሣውን ሳይንሳዊ ልብ ወለድ፣ አስማትና አፈ ታሪክ የሚነግሡበትን ፋንታሲ፣ እንዲሁም አስፈሪ ታሪኮችን በአንድነት ያቅፋል።

የጉባኤው መሥራቾች ዴመን ናይት፣ ጄምስ ብሊሽና ጁዲት ሜሪል ሦስቱም የዚያች ከተማ ነዋሪዎች ነበሩ። ሦስቱም ደራሲ ከመሆናቸው በላይ የሌላውን ሰው ጽሑፍ አጥብቀው የሚመረምሩ አንባቢዎች ነበሩ፤ ናይት የሳይንሳዊ ልብ ወለድ ሂሶቹን በመጽሐፍ ያሳተመው ጉባኤው በተጀመረበት ዓመት ነው፤ ብሊሽ ደግሞ በብዕር ስም የባልደረቦቹን ሥራዎች በብርቱ ይተች ነበር፤ ሜሪልም በዚያው ዓመት የየዓመቱን ምርጥ ታሪኮች እየሰበሰበች ማሳተም ጀምራለች። በዘመኑ ዩኒቨርሲቲዎች ይህን ዘርፍ ከሥነ ጽሑፍ አይቆጥሩትም ነበር፤ የመጽሔት አዘጋጁም ብዙ ጊዜ ታሪኩን ይቀበላል ወይም ይመልሳል እንጂ ድክመቱ የት ላይ እንደሆነ ተቀምጦ የሚያስረዳበት ጊዜ እምብዛም አልነበረውም። የመጀመሪያው ጉባኤ የተጠራው የዘርፉ ደራሲያንና ወዳጆች ለዓመታዊው ዓለም አቀፍ ስብሰባቸው ኒውዮርክ ከተገናኙ በኋላ ወዲያውኑ ሲሆን፣ ከአንባቢ ጭብጨባ ርቀው ስለ ሙያው በግልጽ የሚነጋገሩበትን ቦታ ለመፍጠር የታሰበ ነበር።

ይህን ጉባኤ አሳታፊ የሚያሰኘው መሠረታዊ ደንብ ተመልካች የሌለበት መሆኑ ነው። ሥራው ታትሞ ያልወጣ ሰው አይገባም፤ የገባውም ሰው ያልታተመ ረቂቁን ይዞ መምጣት፣ የሌሎችንም ረቂቅ ሁሉ ማንበብና በእያንዳንዱ ላይ አስተያየት መስጠት ይኖርበታል። ሥርዓቱ በአጭሩ ሲገለጽ፣ ደራሲያኑ ክብ ሠርተው ይቀመጣሉ፤ ከአንደኛው ጫፍ ጀምሮ እያንዳንዱ በተወሰነለት ደቂቃ ውስጥ ማንም ሳያቋርጠው ስለ ረቂቁ ያየውን ይናገራል፤ ሌላው አስቀድሞ የተናገረውን ነጥብ የሚጋራ ከሆነ መስማማቱን ብቻ ገልጾ ያልፋል። የረቂቁ ባለቤት ይህ ሁሉ ሲሆን ዝም ብሎ ያዳምጣል፣ ማስታወሻም ይይዛል። ዙሩ ሲያበቃ እርሱም በተራው ሳይቋረጥ መልስ ይሰጣል፤ ከዚያ በኋላ ውይይቱ ለሁሉም ክፍት ይሆናል። ትችቱ ጽሑፉን እንጂ ጸሐፊውን እንዳይነካ ጥብቅ ጥንቃቄ ይደረጋል።

ደራሲው ዝም እንዲል መደረጉ ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚሰማው ሰው ጭካኔ ሊመስል ይችላል፤ ምክንያቱ ግን ጽኑ ነው። መጽሐፉን ገዝቶ ቤቱ የሚያነብ ሰው ደራሲውን ጠርቶ «እዚህ ላይ ምን ማለትህ ነው?» ብሎ ሊጠይቀው ስለማይችል፣ በገጹ ላይ ያልሰፈረ ማብራሪያ ለአንባቢው እንደሌለ ይቆጠራል፤ ደራሲው አፉን ከፍቶ መከላከል የጀመረ ዕለት ጓደኞቹ የሚፈርዱት በጽሑፉ ሳይሆን በንግግሩ ይሆናል። ሥርዓቱን ለኢትዮጵያዊ አንባቢ ቅርብ ከሆነው ከቅኔ ቤት ትምህርት ጋር ማነጻጸር ልዩነቱን ያጎላዋል፦ በቅኔ ቤት ተማሪው የቆጠረውን ቅኔ ለመምህሩ ይነግራል፣ መምህሩም ያርመዋል፤ በሚልፎርድ ግን የመጨረሻ ፍርድ የሚሰጥ መምህር የለም፤ ሁሉም እኩያ ስለሆነ፣ ትናንት የተቸው ዛሬ ይተቻል፤ እርስ በርሱ ከሚቃረነው አስተያየት የትኛውን መቀበል እንዳለበት የሚወስነውም ደራሲው ራሱ ነው።

ይህ አሠራር ለማንኛውም ጸሐፊ ቢበጅም ለምናባዊ ልብ ወለድ ግን ከሌላው የበለጠ አስፈላጊ የሚሆንበት ምክንያት አለ። ስለ አንድ የታወቀ ከተማ የሚጽፍ ደራሲ አንባቢው ጎዳናውን፣ ገበያውንና ባህሉን በከፊል እንደሚያውቅ መገመት ይችላል፤ በሌላ ፕላኔት ላይ ስለሚኖር ሕዝብ የሚጽፍ ደራሲ ግን የአየሩን፣ የሕጉን፣ የዝምድናውን ሥርዓት ሁሉ ከባዶ መፍጠር ይኖርበታል፤ ዓለሙም በገዛ ራሱ አእምሮ ውስጥ ሙሉ ስለሆነ በወረቀቱ ላይ የጎደለውን ማየት ይሳነዋል። ይህን ጉድለት ለመሸፈን ሲጣደፍ ደግሞ ወደ ተቃራኒው ስሕተት ይወድቃል፤ ሁለት ገጸ ባሕርያት ሁለቱም አሳምረው የሚያውቁትን ነገር ለአንባቢው ሲሉ ብቻ እርስ በርስ ይነጋገሩታል። በቴክሳስ ኦስቲን በ1970ዎቹ የተጀመረው ተርኪ ሲቲ የተባለው ዐውደ ጥናት እንዲህ ያሉትን ተደጋጋሚ ጉድለቶች ስም እየሰጠ በመዝገበ ቃላት መልክ አሰባስቧቸዋል፤ ስም ስላለው ጉድለት ለመነጋገርም፣ ጉድለቱን ለማረምም ይቀላልና።

ስለ አሳታፊ ጉባኤ ሲወራ ብዙ ጊዜ የሚዘነጋው ግን ትልቁ ትርፍ የሚገኘው የራስ ረቂቅ ሲተች ሳይሆን የሌላውን ረቂቅ በመተቸት መሆኑ ነው። የራሱን ጽሑፍ የሚያነብ ደራሲ ፍቅርና ድካም ዐይኑን ይጋርዱታል፤ የሌላውን ሲያነብ ግን ታሪኩ የት ላይ እንደቀዘቀዘ፣ ገጸ ባሕርዩ ለምን እንዳልታመነ በግልጽ ያያል፤ ያየውንም በጥቂት ደቂቃ ለባልደረቦቹ በምክንያት ለማስረዳት ሲገደድ፣ ስሜቱን ወደ ዕውቀት ይለውጠዋል። ደርዘን ረቂቆችን እንዲህ መርምሮ ወደ ቤቱ የተመለሰ ሰው፣ የራሱን ጽሑፍ በሌላ ዐይን ማንበብ ይጀምራል።

ከሚልፎርድ የተወለደው ታላቁ ልጅ ክላሪየን ነው። ሮቢን ስኮት ዊልሰን የተባለው ደራሲና መምህር በ1968 በፔንሲልቫኒያ ክላሪየን ኮሌጅ ያቋቋመው ይህ የስድስት ሳምንት ዐውደ ጥናት፣ የሚልፎርድን ሥርዓት ወስዶ ገና ለጀማሪ ጸሐፊዎች አዋለው፤ ናይትና ባለቤቱ ደራሲዋ ኬት ዊልሄልምም ለብዙ ዓመታት አስተምረውበታል። በ1970 ከተማሩበት መካከል ከካሊፎርኒያ የመጣችው ጥቁር አሜሪካዊት ኦክታቪያ በትለር ትገኛለች። በዚያ ክረምት ሁለት አጫጭር ታሪኮች የሸጠችው በትለር መንገዱ የተከፈተላት ቢመስላትም፣ ከዚያ በኋላ አምስት ዓመት ሙሉ ምንም ሳትሸጥ፣ ጉልበት የሚጠይቁ ሥራዎች እየሠራች መጻፏን ቀጠለች፤ የመጀመሪያ ልብ ወለዷ በ1976 ታተመ፤ በ1995 ደግሞ ታዋቂውን የማክአርተር ሽልማት ያገኘች የመጀመሪያዋ የሳይንሳዊ ልብ ወለድ ደራሲ ሆነች። ጉባኤ ደራሲን በስድስት ሳምንት አይፈጥርም፤ ለብቸኞቹ ዓመታት የሚሆን ስንቅ ግን ይሰጣል። በ2006 ካረፈች በኋላ በስሟ የተቋቋመው የነጻ ትምህርት ዕድል ነጭ ያልሆኑ ጸሐፊዎችን በክላሪየንና በሲያትሉ እህት ዐውደ ጥናት እንዲማሩ ይረዳል። በዘርፉ ስማቸው የገነነው ቴድ ቻንግና ናይጄሪያዊት አሜሪካዊቷ ኔዲ ኦኮራፎርም የክላሪየን ተማሪዎች ነበሩ።

ሥርዓቱ ተቃውሞ አላጣውም። ገና ከጅምሩ የጉባኤውን ሰዎች የአንድ ወገን ጣዕም በዘርፉ ላይ ሊጭኑ ነው ብለው የጠረጠሩ «የሚልፎርድ ማፊያ» ይሏቸው ነበር። ይበልጥ ክብደት ያለው ትችት የመጣው ግን በቅርብ ዓመታት ነው፤ ማቲው ሳሌሲስና ፌሊሺያ ሮዝ ቻቬዝ በ2021 ባሳተሟቸው መጻሕፍት፣ የደራሲው ዝምታ የሚጠቅመው ባህሉ ከክቡ ባህል ጋር አንድ ለሆነ ሰው እንደሆነ፣ ባህሉ የተለየው ደራሲ ግን አንባቢዎቹ ያልገባቸውን ሁሉ እንደ ጉድለት ሲቆጥሩበት መልስ ሳይሰጥ እንዲቀመጥ እንደሚፈረድበት አስረድተዋል። ትችቱ ትክክል ነው። መፍትሔውም ክቡን ማፍረስ ሳይሆን፣ ደራሲው አስቀድሞ ለማን እንደሚጽፍና ምን ዓይነት አስተያየት እንደሚሻ እንዲናገር መፍቀድ ነው።

ብሊሽ ወደ እንግሊዝ ከተዛወረ በኋላ ከባለቤቱ ጋር በ1972 የተከለው የሚልፎርድ ቅርንጫፍ፣ ዛሬ በሰሜን ዌልስ ናንትሌ በተባለ መንደር አንድ ሳምንት ሙሉ ይካሄዳል። ተሳታፊዎቹ ከ15 አይበልጡም፤ እያንዳንዱ ሐያሲ አራት ደቂቃ ስለሚሰጠው ለአንድ ረቂቅ አንድ ሰዓት ያህል ይመደባል፤ ማለዳው ለንባብ፣ ከሰዓት በኋላው ለሂስ፣ ምሽቱ ለጨዋታ ነው። በእንግሊዝኛ ቢያንስ አንድ ምናባዊ ታሪክ ያሳተመ ሰው ማመልከት ስለሚችል፣ ነጭ ላልሆኑ ጸሐፊዎችም የገንዘብ ድጋፍ ሲሰጥ ስለቆየ፣ በአውሮፓና በአሜሪካ የሚኖሩ በእንግሊዝኛ የሚጽፉ ኢትዮጵያውያን ዕድሉን ሊሞክሩት ይገባል። በአማርኛ ለሚጽፉት ደግሞ ሥርዓቱ አዳራሽም በጀትም አይጠይቅም፤ አምስት ወይም ስድስት ደራሲያን፣ አስቀድመው የተነበቡ ረቂቆችና ሰዓት የሚይዝ አንድ ሰው ከተገኙ፣ በሚቀጥለው ወር ሊጀመር ይችላል።