አማርኛና አቋራጭ ቁልፍ፦ መስኮት ደርዳሪው ሲያስቸግር

በጎንደር ዘመን የተጻፉ የብራና መጻሕፍትን የተመለከተ ሰው፣ ጸሐፊው ቀለም ከማንሳቱ በፊት ብራናውን አስምሮ በሁለት ወይም በሦስት ዓምድ እንደሚከፍለው ያስተውላል። አንዱ ዓምድ ሌላውን አይሸፍንም። «ታይሊንግ» የሚባሉት የመስኮት አቀናባሪዎችም የሚሠሩት በዚሁ ደንብ ነው፤ የተከፈቱትን መስኮቶች ሳይደራርቡ ጎን ለጎን ይደረድሯቸዋል። ሐሳቡ አዲስ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1985 የወጣው የመጀመሪያው ዊንዶውስም መስኮቶቹን የሚያስቀምጠው በዚህ መልክ ነበር። በሊነክስ ተጠቃሚዎች ዘንድ በስፋት ከሚታወቁት አንዱ ሚካኤል ስታፕልበርግ የተባለ ጀርመናዊ እ.ኤ.አ. በ2009 ያስጀመረው አይ3 ነው።

አይ3 ጥቂት የማስታወሻ ቦታ ብቻ ስለሚወስድ፣ ከአራዳ ሱቆች ያገለገለ ላፕቶፕ ለገዛ ተማሪ ጥሩ አማራጭ ነው። ችግሩ የሚጀምረው አማርኛ መጻፍ ሲያስፈልግ ነው።

ፊደላችን ሠላሳ ሦስት የፊደል ቤቶች በሰባት ድምፅ ሲረቡ 231 ሆሄያት ይሆናል፤ ዲቃሎቹ ሲጨመሩ ከዚህም ይበልጣል። በኪቦርድ ላይ ያሉት የጽሕፈት ቁልፎች ግን ሃምሳ አይሞሉም። ይህ ኢንጂነር አያና ብሩ ለአማርኛ የጽሕፈት መኪና ሲያሰናዱ የተጋፈጡት እንቅፋት ነው። በኮምፒውተር መፍትሔው በቁልፉና በጽሑፉ መካከል የሚቆም አስተርጓሚ ፕሮግራም ነው። በሊነክስ ላይ ይህን ሥራ ከሚያከናውኑት አንዱ አይባስ ይባላል። «ሴራ» በተሰኘው ሥርዓት የኤልን ቁልፍ ብቻ ስንመታ «ል»፣ ዩን ስናስከትል «ሉ» የሚያደርገው እርሱ ነው።

እንደ ኖም ያሉ ሙሉ የገበታ ሥርዓቶች አይባስን ራሳቸው ያስነሱታል። አይ3 ግን ያልታዘዘውን አይሠራም። በመሆኑም በማስተካከያ ፋይሉ ውስጥ አስተርጓሚውን የሚያስነሳ መስመር መጻፍ ግድ ይላል። ይህም ብቻውን ላይበቃ ይችላል፤ የጽሕፈት ፕሮግራሞቹ አስተርጓሚው የት እንዳለ የሚያውቁት ጂቲኬ-አይኤም-ሞጁል፣ ኪውቲ-አይኤም-ሞጁልና ኤክስሞዲፋየርስ ከሚባሉ የአካባቢ ተለዋዋጮች ነው።

የአካባቢ ተለዋዋጭ ከወላጅ ወደ ልጅ እንደሚተላለፍ ርስት ነው። አንድ ፕሮግራም ሌላውን ሲያስነሳ የያዘውን ዝርዝር ገልብጦ ያወርሰዋል፤ ከዚያ በኋላ የወላጁ ዝርዝር ቢለወጥ ልጁ አያውቅም። ብዙዎች የሚሳሳቱትም እዚህ ላይ ነው። ተለዋዋጩን ባሽአርሲ በተባለው ፋይል ይጽፉታል። ይህን ፋይል የሚያነበው ግን ተርሚናል ውስጥ የሚከፈተው ሼል ነው፤ አይ3 ከዚያ በፊት ተነሥቷልና ምንም አይወርስም። በኡቡንቱ ትክክለኛው ቦታ በመግቢያ ጊዜ የሚነበበው ፕሮፋይል የተባለው ፋይል ነው። ሞድ፣ ሺፍትና አርን በአንድነት ተጭኖ አይ3ን እንደገና ማስነሣትም አይረዳም፤ የቀድሞውን ርስት ይዞ ይነሣልና። ወጥቶ መግባት ያስፈልጋል።

ፓዝ የሚባለው ተለዋዋጭም የዚሁ ዘር ነው። ትእዛዞች የሚፈለጉባቸውን ማኅደሮች በ«:» ለይቶ ይይዛል፤ ፍለጋው ከግራ ወደ ቀኝ ሲሆን መጀመሪያ የተገኘው ይሠራል። በራስዎ ማኅደር ያስቀመጡት ፕሮግራም ከተርሚናል እየታዘዘ በአቋራጭ ቁልፍ እምቢ ካለ፣ ማኅደሩ ለአይ3 አልደረሰም ማለት ነው። አዲሱን ሲጨምሩ የቀድሞውን ዝርዝር አብሮ ማስገባት አይዘንጋ፤ አለበለዚያ የተለመዱት ትእዛዞች ሁሉ «አልተገኘም» ይላሉ። አማርኛ አጻጻፉ ሳይጠፋ ፋይሉን ማረም ደግሞ የእኛው ልዩ ፈተና ነው። «:» እና «፡» ለዓይን መንትያ ናቸው፤ በዩኒኮድ ግን የመጀመሪያው 003ኤ ሲሆን የእኛው 1361 ነው። ኮምፒውተሩ «፡»ን እንደ መለያ ስለማይቆጥረው ሁለቱን ማኅደሮች አንድ ስም አድርጎ ያነባቸዋል።

አሁን ወደ አቋራጭ ቁልፎቹ እንምጣ። የአይባስ የተለመደ የቋንቋ መቀያየሪያ የዊንዶውስ ቁልፍና ስፔስ ነው። አይ3ም ዋና ቁልፉ የዊንዶውስ ቁልፍ እንዲሆን ከተመረጠ፣ ይህንኑ ጥምር በድርድሩ ውስጥ ባሉትና በተንሳፋፊዎቹ መስኮቶች መካከል ለመዘዋወር ይዞታል። ሁለት ጌታ ያለው ቁልፍ ለአንዱ ብቻ ይታዘዛል። ስለዚህ የአይባስን ወደ ኮንትሮልና ስፔስ ማዛወር ወይም የአይ3ን መስመር መለወጥ ያሻል። እኔ ሁለተኛውን እመርጣለሁ፤ ከመስኮት ዝውውሩ ይልቅ ቋንቋ መቀያየሩ በቀን ውስጥ እጅግ ይበዛልና።

ያለ አስተርጓሚ የኢትዮጵያን የኪቦርድ አቀማመጥ በቀጥታ ለሚጭን ደግሞ ሌላ አደጋ አለ። አይ3 አቋራጮችን የሚያስረው በፊደል ስም ነው፤ የተጫነው የአማርኛ አቀማመጥ ብቻ ከሆነ «ዲ» የተባለውን የላቲን ፊደል የሚሰጥ ቁልፍ ስለማይኖር አቋራጩ ይሞታል። እንግሊዝኛውን አንደኛ፣ አማርኛውን ሁለተኛ አድርጎ መጫን ይበቃል፤ አይ3 አቋራጮቹን በመጀመሪያው አቀማመጥ ተርጉሞ በሌሎቹም ላይ ያጸናቸዋል። ከዚህ የጠነከረ ዋስትና የሚሻ በፊደሉ ስም ፈንታ የቁልፉን ቁጥር ይጻፍ፤ አቀማመጥ ቢለዋወጥ ቁጥሩ አይለወጥም።