ያለፈውን ሳይነኩ መጻፍ፦ በፋይል ሥርዓት ውስጥ የስናፕሾት አሠራር



ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ የድኅረ ምረቃ ተማሪ የሁለት ዓመት የመስክ መረጃውን በያዘው ፋይል ላይ በስሕተት ባዶ ሠንጠረዥ ደርቦ አስቀመጠ። ሰርቨሩ በየሰዓቱ ስናፕሾት፣ ማለትም የፋይሎቹን ቅጽበታዊ ምስል፣ ያነሣ ስለ ነበር የቀደመውን ፋይል ወዲያው መለስንለት። ተማሪው ድንጋጤው ሲለቀው ግን እንዲህ ሲል ጠየቀኝ፦ «ዲስኩ 4 ቴራባይት ነው፤ 3ቱ ተይዟል፤ ታዲያ በየሰዓቱ የሚቀዳው የት ይቀመጣል?»

መልሱ አጭር ነው፤ ምንም የሚቀዳ ነገር የለም። ምክንያቱን ለመረዳት ግን የፋይል ሥርዓቱን አወቃቀር ማየት ያስፈልጋል። ዲስኩ ብሎክ በሚባሉ ክፍሎች፣ ለምሳሌ ባለ 4 ኪሎባይት ሆነው፣ ይከፈላል። መረጃውን የያዙት ብሎኮች እንደ ቅጠል ናቸው። ከእነርሱ በላይ አድራሻቸውን የያዙ ብሎኮች አሉ፤ ከእነዚያም በላይ እንዲሁ፤ በመጨረሻ ሁሉም በአንድ ሥር ይጠቃለላሉ። ሥሩን ያገኘ ሁሉን ያገኛል።

በጥንቱ ልማድ ፋይል ሲታረም አዲሱ በአሮጌው ብሎክ ላይ ይጻፋል፤ አሮጌውም ይጠፋል። በሌላኛው ስልት ግን በሥራ ላይ ባለ ብሎክ ላይ ፈጽሞ አይጻፍም። አዲሱ ይዘት በባዶ ስፍራ ይሰፍራል። አድራሻው ስለ ተለወጠም የበላዩ ብሎክ በአዲስ ቦታ ይጻፋል፤ ለውጡም እንዲህ እያለ እስከ ሥሩ ይደርሳል። በዚህ ጊዜ አሮጌውን ሥር ካልጣልነው፣ ስናፕሾት ማለት እርሱ ነው። ያልተለወጡትን ብሎኮች ሁለቱም ሥሮች በጋራ ይጠቀሙባቸዋል። ስለዚህ 1 ጊጋባይትም ሆነ 1 ቴራባይት ቢሆን ምስሉን የማንሣቱ ድካም ያው ነው።

አስቸጋሪው ማንሣቱ ሳይሆን መሰረዙ ነው። አንድን ብሎክ የሚፈልገው ሌላ ስናፕሾት አለመኖሩን በምን እናውቃለን? ሂትዝ፣ ላው እና ማልኮም በ1994 ባቀረቡት ዋፍል በተባለው ሥርዓት ለእያንዳንዱ ብሎክ 32 ቢት ተመድቦለት ነበር፤ አንዱ ቢት ለሕያው ሥርዓት፣ ሌሎቹ ለየስናፕሾቱ። ሁሉም ዜሮ ሲሆኑ ብሎኩ ነጻ ይወጣል። ግልጽ መፍትሔ ነው፤ ሆኖም የስናፕሾቶቹ ቁጥር ከ20 እንዳይበልጥ ተገድቦ ነበር።

ቦንዊክና አህረንስ በሰን ማይክሮሲስተምስ የሠሩት ዜድ ኤፍ ኤስ፣ በእኔ ግምት፣ ከዚህ የረቀቀ ነው። እያንዳንዱ የብሎክ አድራሻ ብሎኩ የተወለደበትን ተራ ቁጥር አብሮ ይይዛል። ስናፕሾቶች በ60 እና በ100 ተነሥተዋል እንበል። በ120 የተወለደ ብሎክ ዛሬ ቢሰረዝ ማንም ስናፕሾት አያውቀውምና ወዲያው ይለቀቃል። በ80 የተወለደውን ግን የ100ው ያውቀዋል፤ ስለዚህ በሙታን መዝገብ ይሰፍራል። በኋላ የ100ው ስናፕሾት ራሱ ሲሰረዝ መዝገቡ ይመረመራል፦ ከ60 በኋላ የተወለዱት ይለቀቃሉ፤ በ40 የተወለደው ግን የ60ው ስናፕሾት ስለሚፈልገው ይቆያል። ዲስኩን በሙሉ ማሰስ አያስፈልግም።

ከዚህ የተነሣ ብዙዎችን ግራ የሚያጋባ ነገር አለ። ዲስኩ ሲሞላ ትልልቅ ፋይሎችን እንሰርዛለን፤ ባዶው ስፍራ ግን አይጨምርም። ብሎኮቹን የያዛቸው ስናፕሾቱ ነውና፣ መሰረዝ ያለበት እርሱ ነው።

ደግሞም ስናፕሾት የመጠባበቂያ ቅጂ አይደለም። ያልተለወጠው ብሎክ ለሁሉም ምስሎች አንድ ብቻ መሆኑን አስታውሱ፤ ዲስኩ ከተበላሸ ሕያው ፋይሉም ስናፕሾቶቹም አብረው ይሄዳሉ። የዚያን ተማሪ ፋይል ያዳነው ስሕተቱ የእጁ እንጂ የዲስኩ አለመሆኑ ነው። በማግሥቱ መረጃውን በሌላ ሕንፃ ወደሚገኝ ዲስክ እንዲገለብጥ ነገርኩት።

አሁን ጥያቄዎቻችሁን እቀበላለሁ።