የተለማማጅ ሐኪሞች ድካምና የሥራ መንፈስ፤ የሰዓት ገደብ ብቻውን ለምን አይበቃም?

በመማሪያ ሆስፒታሎች ሌሊቱን ከሕሙማን አጠገብ የሚያሳልፉት በአብዛኛው ኢንተርኖችና ሬዚደንቶች ናቸው። ተማሪም ሠራተኛም በመሆናቸው የሁለቱም ጫና ያርፍባቸዋል። የሥራ መንፈሳቸው ሲዳከም የሚሰጣቸው መልስ ብዙውን ጊዜ «በርቱ፤ እኛም በዚሁ አልፈናል» የሚል ነው። ያለፉት 40 ዓመታት ተሞክሮ የሚያሳየው ግን ችግሩ ከግለሰቡ ጽናት ይልቅ ከሥራው አደረጃጀት የሚመነጭ መሆኑን ነው።

የችግሩ ምንነት

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 በጸደቀው 11ኛው የበሽታዎች ምደባ ውስጥ በሥራ ምክንያት የሚመጣን መዛል የመዘገበው እንደ በሽታ ሳይሆን፣ በአግባቡ ካልተያዘ የሥራ ቦታ ውጥረት የሚከተል ክስተት አድርጎ ነው። መገለጫዎቹም የኃይል መሟጠጥ፣ ሥራን በምሬት መመልከትና የሙያ ብቃት መቀነስ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2015 ከ17,000 በላይ በሥልጠና ላይ ያሉ ሐኪሞችን የሚመለከቱ 54 ጥናቶችን ያጠቃለለ ትንተና፣ 28.8 በመቶ የሚሆኑት ድብርት ወይም የድብርት ምልክቶች እንደታዩባቸው አመልክቷል።

የኒው ዮርክ ተሞክሮ

እ.ኤ.አ. በ1984 ሊቢ ዛየን የተባለች የ18 ዓመት ወጣት በኒው ዮርክ ከተማ በአንድ የመማሪያ ሆስፒታል በተኛች በሰዓታት ውስጥ ሕይወቷ አለፈ። ሌሊቱን የተከታተሏት በሥልጠና ላይ የነበሩ ሁለት ሐኪሞች ነበሩ። ጉዳዩን የመረመረው የዳኞች ጉባኤ የወንጀል ክስ ሳይመሠርት የሥልጠናውን ሥርዓት ነቀፈ። በዚህ መነሻ እ.ኤ.አ. በ1989 የኒው ዮርክ ግዛት የሬዚደንቶች ሥራ በሳምንት ከ80 ሰዓት፣ በተከታታይም ከ24 ሰዓት እንዳይበልጥ ወሰነ፤ የነባር ሐኪሞች ክትትልም እንዲጠናከር አዘዘ። የ80 ሰዓቱ ገደብ እ.ኤ.አ. በ2003 በመላው አሜሪካ ሥራ ላይ ዋለ።

ለውጡ በቂ ምክንያት ነበረው። እ.ኤ.አ. በ2004 በወጣ ጥናት፣ በጽኑ ሕሙማን ክፍል በተለመደው ረጅም ተረኝነት የሠሩ ኢንተርኖች፣ አጠር ባለ ፈረቃ ከሠሩት ይልቅ 36 በመቶ የበለጡ ከባድ የሕክምና ስህተቶች ፈጽመዋል። እ.ኤ.አ. በ2011 ለአንደኛ ዓመት ሠልጣኞች የተደነገገው የ16 ሰዓት ገደብ ግን እ.ኤ.አ. በ2017 ተነሥቶ ወደ 24 ሰዓት ተመልሷል። ከአንድ ዓመት በፊት በ117 የቀዶ ሕክምና ሥልጠናዎች ላይ የተደረገ ጥናት፣ ሳምንታዊው ገደብ እንደተጠበቀ የፈረቃው ርዝመት ቢላላ በሕሙማን ላይ የተለየ ጉዳት እንዳልታየ አሳይቶ ነበር። ፈረቃ ሲያጥር ርክክብ ይበዛል፤ የሰው ኃይል ካልተጨመረም ያው ሥራ በጥቂት ሰዓት ውስጥ ይታጨቃል። ስለዚህ የሰዓት ገደብ አስፈላጊ ቢሆንም ብቻውን አይበቃም።

ምን ሊደረግ ይችላል?

በኢትዮጵያ የጤና ባለሙያዎች በ2011 እና በ2017 ዓ.ም. ያነሷቸው የክፍያና የሥራ ሁኔታ ጥያቄዎች በአንድ የሕክምና ክፍል አቅም የሚፈቱ አይደሉም። ይሁንና የሚከተሉት ተግባራት ብዙ በጀት አይጠይቁም፦

1. የተረኝነት ሰሌዳን አስቀድሞ ማውጣትና ሠልጣኞች በዝግጅቱ እንዲሳተፉ ማድረግ፤
2. ርክክብን በተወሰነ ሰዓት፣ በጽሑፍና ነባር ሐኪም ባለበት ማካሄድ፤
3. ለተረኛ ንጹሕ የማረፊያ ክፍልና ውኃ ማዘጋጀት፣ ከሌሊት ተረኝነት በኋላም ማረፉን ማረጋገጥ፤
4. ሕመምተኛ ሲሞት ወይም ስህተት ሲፈጠር፣ ወቀሳን ሳያስቀድሙ በጋራ መወያየት፤
5. የታመመ ሠልጣኝ ምስጢሩ ተጠብቆ ከቅርብ አለቃው ውጭ በሆነ ሐኪም የሚታይበትን መንገድ ማመቻቸት።

ከሁሉም በላይ የሚያስፈልገው ነባሩ ሐኪም በሌሊት ሲጠራ የሚሰጠው ምላሽ ነው። በስልክ የተቆጡት ኢንተርን በሚቀጥለው ጊዜ ከመደወል ይቆጠባል፤ ጉዳቱም በመጨረሻ በሕመምተኛው ላይ ይደርሳል።

የዓለም ሕክምና ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2017 ባሻሻለው የጄኔቫ ቃል ኪዳን ሐኪም ለራሱ ጤንነትም እንዲጠነቀቅ ቃል ይገባል። ተለማማጁ ይህን ቃል መጠበቅ የሚችለው ግን የተረኝነት ሰሌዳውን የሚያወጣው ክፍልም የበኩሉን ሲወጣ ነው።